ከሰኞ ገበያ የሸክላ ሠሪ እጅ የወጡ የጥንት ፅንሶች፦ የአንድ የማስተማሪያ መርጃ ግምገማ

በዚህ ዓመት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ የእንስሳትን ጥንተ አመጣጥ ሳስተምር የተጠቀምኩበት መርጃ ከውጭ የመጣ የፕላስቲክ ሞዴል ሳይሆን፣ ደሴ ሰኞ ገበያ ጀበናና ምጣድ ከሚሸጡ አንዲት እናት ያሠራሁት የሸክላ ስብስብ ነው። ስብስቡ በዋናነት በደቡብ ቻይና፣ በጉይዡ ግዛት ዌንግአን በተባለ ስፍራ የተገኙትን፣ 609 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ የተሰጣቸውን ፅንስ መሰል ቅሪተ አካላት መቶ ጊዜ ያህል አጉልቶ የሚያሳይ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ ስለ ዋጋው፣ ስለ ጥራቱና በክፍል ውስጥ ስላለው ጥቅም ደጋግመው ስለጠየቁኝ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ያየሁትን መልካሙንም ጉድለቱንም ሳልደብቅ እዚህ አስቀምጣለሁ።

ሸክላ ለምን እንዳስፈለገኝ በቅድሚያ ልግለጽ። እነዚህ ቅሪተ አካላት አብዛኞቹ ከግማሽ ሚሊሜትር እስከ አንድ ሚሊሜትር የሚደርሱ፣ ማለትም ከአንድ የጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ናቸው። ተማሪዎቼ ስለ ቅሪተ አካል ሲነሣ የሚያስታውሱት ሉሲን ነው፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ስትገኝ ቦታው በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ስለነበር፣ እዚህ አካባቢ እንደ ቤተሰብ ነው የሚናገሩላት። ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ስትሆን፣ የዌንግአን ቅሪተ አካላት ዕድሜ ደግሞ የእርሷን 190 እጥፍ ያህል ነው። አጥንት ያየ ዓይን ከጤፍ ያነሰ ድንጋይ ውስጥ የሕዋስ ክፍፍል ይታያል ሲባል ለማመን ይቸገራል፤ በስልክ የሚታየው ፎቶግራፍም ጠፍጣፋ በመሆኑ አንዱ ሕዋስ ከሌላው ጀርባ እንዴት እንደተቀመጠ አያሳይም። በእጅ የሚያዝና የሚገላበጥ ነገር የፈለግሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሸክላ ሠሪዋ የሚኖሩት ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ላይ ሲሆን፣ ሰኞ ሰኞ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ከተማ ይመጣሉ። በስልኬ ያሳየኋቸውን ፎቶግራፎች ረጅም ጊዜ ተመለከቱና ለናሙና የሚሆን ሠርተው እንደሚጠብቁኝ ነገሩኝ። በቀጣዩ ሳምንት ቤታቸው ድረስ ስሄድ ያገኘሁት አንድ ድቡልቡል፣ ቀጥሎ እያንዳንዳቸው የመጀመሪያውን የሚያክሉ የተጣበቁ ሁለት ድቡልቡሎች፣ ከዚያም በዚያው መጠን የተሠሩ አራት ነበር፤ አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የጀበና ሆድ አከሉ። እጃቸው የተካነ፣ ገጹም የለሰለሰ ቢሆንም፣ የተሠራው ነገር የቅሪተ አካላቱን ዋና ምስክርነት የሚያፈርስ ስለነበር ዝም ብዬ ልቀበለው አልቻልኩም።

«እማማ፣ አንቱ የሠሩት እየበዛ ሲሄድ ያድጋል፤ ይኼ ግን አያድግም፤ ያው የመጀመሪያው ጭቃ ነው የሚከፋፈለው» አልኳቸው።

«ሳይጨመርበት ነዋ የሚበዛው?» ብለው ጠየቁኝና ከአጠገባቸው ካለው ርጥብ ጭቃ አንድ እፍኝ አንሥተው አድበለበሉት። ከዚያ በክር ለሁለት ቆረጡት፣ ሁለቱን አድበልብለው አጣበቁ፣ እንደገና እያንዳንዱን ለሁለት ቆረጡ። አራተኛው ቆረጣ ላይ ሲደርሱ አሥራ ስድስቱ ድቡልቡሎች ተሰብስበው ያንኑ አንድ እፍኝ ሞልተው ነበር። «አብሽር፣ ገባኝ፤ ሊጡ ያው ነው፣ ሙልሙሉ ነው የበዛው» አሉኝ። የቡሄ ሰሞን ስለነበር ምሳሌው ከቤታቸው የወጣ ነው፤ እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ በክፍል ውስጥ የምጠቀመው ይህንኑ አባባል ነው።

ነገሩ በሳይንሱም ዋነኛ ነጥብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ሹሃይ ሺያው፣ ዩን ዣንግና አንድሪው ኖል እነዚህን ድቡልቡሎች የእንስሳት ፅንስ ናቸው ብለው ሲያቀርቡ ከጠቀሷቸው ማስረጃዎች አንዱ፣ የሕዋሶቹ ቁጥር ከአንድ ወደ ሁለት፣ ወደ አራት፣ ወደ ስምንት ሲሄድ የጠቅላላው አካል መጠን አለመጨመሩ ነው። የዛሬ እንስሳት እንቁላል ከተፀነሰ በኋላ መጀመሪያ የሚያደርገው ይኼንኑ ነው፤ ምግብ ከውጭ ሳይገባለት፣ እናት በሰጠችው ስንቅ ብቻ ራሱን እየከፋፈለ ይሄዳል። በተረከብኩት ስብስብ ላይ ይህ በማስመሪያ ሊለካ ይችላል። ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ስለሚኮማተር ሰባት ሴንቲሜትር እንዲሆን ያዘዝኩት የመጀመሪያው ድቡልቡል 6.4 ሆኖ ደርሶኛል፤ በስምንት የተከፈለው ላይ የእያንዳንዱ ሕዋስ ስፋት 3.2 ገደማ ነው። ይዘቱ ስምንት እኩል ቦታ ሲከፈል ስፋቱ በትክክል በግማሽ መቀነስ አለበትና፣ ያለ ሚዛን በእጅ ብቻ ለተለካ ጭቃ ይህ የሚያስደንቅ ጥንቃቄ ነው። ተማሪዎቼም ይህን በራሳቸው ለክተው ሲያገኙት የሒሳብ መምህራቸው ዘንድ ወስደው እንዳረጋገጡ ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያው ተኩስ ግን አልተሳካም። ትልቁ ድቡልቡል ውስጡ ድፍን ስለነበር፣ መሐሉ ላይ የቀረው ርጥበት በኩበቱና በእንጨቱ እሳት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሸክላውን አፈነዳው፤ ፍንጥርጣሪውም አጠገቡ የነበሩትን ሁለት ቁራጮች ሰበረ። እናቲቱ ኪሣራውን በእኔ ላይ አልጫኑም። ቀጣዩን ድቡልቡል ገና ርጥብ ሳለ ለሁለት ቆርጠው፣ ውስጡን በማንኪያ ፈልፍለው፣ መልሰው አጣበቁና በመርፌ ቀዳዳ አበጁለት፤ ከዚያ በኋላ የፈነዳ የለም። ለሁለት ተከፍሎ ውስጡ የተፈለፈለውን ጭቃ ሳይገጣጠም በፊት ባየሁት ጊዜ፣ ያዘዝኩት ስብስብ ግማሽ እውነት ብቻ እንደሆነ ተረዳሁ፤ ሁለተኛውን ትዕዛዝም በዚያው ቀን ሰጠሁ።

ይህን ለማስረዳት ስለ ክርክሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ድቡልቡሎቹ ከውጭ ሲታዩ ፅንስ ይመስላሉ፤ መምሰል ግን ማስረጃ ለመሆን ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2007 ጄክ ቤይሊና ባልደረቦቹ ከዚህ ፍጹም የተለየ ሐሳብ አቀረቡ፦ በናሚቢያ የባሕር ጠረፍ ጭቃ ውስጥ የሚኖር ቲዮማርጋሪታ የተባለ፣ ከድኝ ውሁዶች ጉልበት የሚያገኝ ግዙፍ ባክቴሪያ አለ፤ አንዱ ሕዋስ እስከ 0.75 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ የዚህ ወገን ባክቴሪያዎች ሲከፋፈሉም ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እየሆኑ ያንኑ የድቡልቡል ጥቅል ይሠራሉ። እንግዲህ የመጀመሪያውን፣ የተዘጋውን የሸክላ ስብስብ ይዤ በክፍል ፊት ብቆም፣ ይህ የእንስሳ ፅንስ ነው ወይስ የባክቴሪያ ክምችት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ ከሸክላው የማሳየው መልስ የለኝም። መልሱ ያለው ውስጡ ነው።

ተመራማሪዎቹም ወደ ውስጥ ለማየት ድንጋዩን መስበር አላስፈለጋቸውም። ሲንክሮትሮን የተባለው ግዙፍ መሣሪያ የሚያመነጨው ኃይለኛ ራጅ ቅሪተ አካሉን ከየአቅጣጫው አልፎ በቀጫጭን ንብርብር ምስሉን ያነሣል፤ ኮምፒዩተር ደግሞ ንብርብሮቹን ገጣጥሞ ሙሉውን ቅርጽ ይሰጣል። ሐኪም ቤት ሲቲ ስካን የሚባለው ምርመራ በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ልዩነቱ እዚህ የሚታየው የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያህል የረቀቀ ነገር መሆኑ ነው። በስዊዘርላንድ በሚገኘው ሲንክሮትሮን ተጠቅመው እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤታቸውን ያወጡት ተመራማሪዎች በሕዋሶቹ ውስጥ አስኳል መሰል፣ ማለትም የሕዋሱን የዘር መረጃ የሚይዘውን ክፍል የሚመስሉ አካላትን አሳዩ። ባክቴሪያ አስኳል የለውምና ይህ የባክቴሪያውን ሐሳብ አዳከመ። ነገር ግን ያው ጥናት የእንስሳውንም ሐሳብ አልደገፈም፤ ሕዋሶቹ መከፋፈላቸውን ሳያቋርጡ እጅግ ብዙ ደቃቅ ሕዋሶች ሆነው እንደሚበተኑ የሚያመለክቱ ናሙናዎችን አግኝቶ፣ ፍጥረታቱ ከእንስሳት ጋር የሩቅ ዝምድና ያላቸው ባለ አንድ ሕዋስ ሕያዋን ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። ከዚያ በፊት በ2006 በወጣ ሌላ ጥናትም አንድ ሺህ ያህል ሕዋስ ባላቸው ናሙናዎች ላይ እንኳ የእንስሳ ፅንስ በዚያ ደረጃ ሊኖረው የሚገባው፣ ሕዋሶች ጎን ለጎን ተያይዘው የሚሠሩት ንጣፍ መሰል ሽፋን አለመታየቱ ተዘግቦ ነበር።

ሁለተኛው ስብስብ ይህን ሁሉ በእጅ ያስይዛል። ሦስቱ ቁራጮች እንደ ሙዳይ የሚከፈቱ ሲሆኑ፣ በስምንት የተከፈለው ሲከፈት እያንዳንዱ ሕዋስ እንደ ትንሽ ስኒ ጎድጎድ ብሎ ይታያል፤ በእያንዳንዱ ስኒ ሥር የሽንብራ ፍሬ የምታክል ጭቃ ተጣብቃለች፤ እርሷ አስኳሏ ናት። የአንደኛው ቁራጭ ልባስ፣ ማለትም ፅንሱን የሚሸፍነው የውጭ ቅርፊት፣ ከላይ በጥፍር ጫፍ የተጫነ ጌጥ አለው፤ ከዌንግአን ድቡልቡሎች መካከል ልባሳቸው ጌጠኛ የሆኑ አሉና ይህ የእናቲቱ ጭማሪ ሳይሆን ከፎቶግራፉ በጥንቃቄ የተቀዳ ነው። መምህር ሆኖ ይህን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ ምክሬ ግልጽ ነው፦ የሚከፈተውን ስብስብ ብቻ ይዘዝ። የተዘጋው ለመደርደሪያ ያምራል፤ ሆኖም ተማሪውን የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች በ1998 ላይ ቆመው ያዩት ላይ ያቆመዋል።

ከስብስቡ ጋር አብረው የተሠሩ ሁለት ተጨማሪ ቁራጮች አሉ፤ እነዚህ ከዌንግአን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ከመጣው፣ ካምብሪያን ከሚባለው የጥንት ዘመን የተገኙ፣ እንስሳነታቸው የማያከራክር ፅንሶች ናቸው። የመጀመሪያው ማርኩዌሊያ ይባላል፦ በልባሱ ውስጥ ተጣጥፎ የተኛ፣ አካሉ በቀለበት የተከፋፈለ፣ ዛሬም በባሕር ወለል ጭቃ ውስጥ ከሚኖሩ ፕሪያፑሊድ ከተባሉ ትሎች ጋር የሚዛመድ ትል ነው። እናቲቱ በመጀመሪያ የሠሩት እንደ ቀንድ አውጣ ወደ መሐል የተጠቀለለ ነበር፤ እውነተኛው ግን ወዲያና ወዲህ እየታጠፈ የተኛ በመሆኑ መለስኩላቸው። ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና ሠሩልኝ። ጭቃውን በመዳፋቸው እንደ ገመድ አንከባልለው፣ ቀለበቶቹን በስንደዶ እየጫኑ አንድ በአንድ ሲያሰምሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ከሠላሳ በላይ ቀለበት ቆጥሬያለሁ። ከስብስቡ ሁሉ ተማሪዎች እየተሻሙ የሚይዙት ይህ ነው፤ በእንቁላል ውስጥ ያለ ትል መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል።

ሁለተኛው ኦሊቮይደስ ነው፤ ከቻይና ሻአንሺ (Shaanxi) ግዛት የተገኘና 535 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ። ለእኔ ከሁሉም የላቀ ትምህርት ያለው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የአንድን እንስሳ ዕድገት ከፅንስ እስከ አዋቂ በተከታታይ ከሚያሳዩ እጅግ ጥቂት የጥንት ቅሪተ አካላት አንዱ ነው። ፅንሱ በልባሱ ውስጥ ሳለ ገጹ በኮከብ ቅርጽ ባላቸው ጉብታዎች የተሸፈነ ነው። ከተፈለፈለ በኋላ እንደ ቀንድ የሾለ ቱቦ እየሠራ ያድጋል፤ በቱቦው ጫፍ ላይ ግን ያ የፅንስነት ኮከብ ሳይጠፋ ይቀራል። ከዚህ የምንረዳው እንስሳው ከእንቁላሉ ሲወጣ ለወላጁ እንግዳ የሆነ ዋናተኛ እጭ ሳይሆን፣ ወላጁን የሚመስል ትንሽ ቱቦ ሆኖ እንደነበር ነው። የጥንት እንስሳት ሁሉ በእጭ ደረጃ ያልፉ ነበር ለሚለው አስተሳሰብ ይህ ጠንካራ ጥያቄ ነው፤ ትላልቅ፣ ስንቅ የተሞሉ እንቁላሎችም በዚያ ዘመን እንደነበሩ ያሳያል። በሸክላው ላይ ፅንሱና ቱቦው ለየብቻ ተሠርተዋል፤ ኮከቦቹ በሁለቱም ላይ በአንድ መሣሪያ ስለተጫኑ ተማሪው ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲያስተያይ ዝምድናቸውን ወዲያው ያገኛል። በዚህ ቁራጭ ላይ የማገኘው ጉድለት፣ የቱቦው አፍ በጣም ስለሰፋ ከሩቅ ሲታይ የጧፍ ማስቀመጫ መምሰሉ ነው።

ሸክላ ለዚህ ጉዳይ ተስማሚ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። ለስላሳ ፅንስ እንዴት ድንጋይ ሊሆን ቻለ የሚለው ጥያቄ በየክፍሉ ይነሣል። በባሕር ጃርት ፅንሶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ፅንሱ ከሞተ በኋላ ኦክስጅን በሌለበት ሁኔታ ከቆየ ራሱን በራሱ ማፍረሱ ይገታል፤ ከዚያ ባክቴሪያዎች ይሰፍሩበትና ሥጋውን እየተኩ ቅርጹን ይይዛሉ፤ በመጨረሻም የፎስፌት ማዕድን ያንን ቅርጽ ያጠነክረዋል። ለእናቲቱ ይህን ስነግራቸው፣ ርጥብ ምጣድ ላይ የወደቀ ቅጠል እሳት ገብቶ ቢቃጠልም ጅማቱ ሸክላው ላይ ታትሞ እንደሚቀር ነገሩኝ፤ እንዲህ ያለ አንድ ገልም ከጓሯቸው አንሥተው ሰጡኝ። አሁን ከስብስቡ ጋር አስቀምጬዋለሁ። የዌንግአን ድንጋይ ራሱ ለማዳበሪያ የሚቆፈር የፎስፌት ድንጋይ መሆኑን፣ ገበሬዎቻችን ዳፕ ለሚሉት ማዳበሪያም ፎስፈረሱ የሚገኘው ከዚህ ዓይነት ድንጋይ መሆኑን ስጨምር፣ የገበሬ ልጆች የሆኑት ተማሪዎቼ ከሌላው ቀን ይበልጥ ነው የሚያዳምጡት። ቅሪተ አካላቱን ከድንጋዩ ለመለየት ተመራማሪዎች የሚጠቀሙበት አሴቲክ አሲድም ኮምጣጤን የሚያኮመጥጠው ያው አሲድ ነው፤ በዙሪያቸው ያለውን የካርቦኔት ድንጋይ አሟሙቶ ፎስፌቱን ይተወዋል። ከጦሳ ሥር ድንጋይ ሰብስበው ኮምጣጤ ሊያፈሱበት ለሚነሡ ልጆች ግን፣ ደሴን የከበበው ተራራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ እንዲህ ያለ ፅንስ እንደማይገኝበት አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ስለ አገልግሎቱ የቀረውን በአጭሩ ላስቀምጥ። የተዘጋው ስብስብ ስድስት ቁራጭ በ900 ብር፣ የሚከፈተውና ሁለቱ የካምብሪያን ፅንሶች አንድ ላይ በ1,400 ብር ተሠርተውልኛል። የጊዜ ጉዳይ ትልቁ ቅሬታዬ ነው፦ በሁለት ሳምንት ይደርሳል የተባለው አምስት ሳምንት ወሰደ፤ በክረምቱ ዝናብና ጉም ጭቃው ስለማይደርቅ ከጥቅምት በኋላ ማዘዝ ይሻላል። የሚከፈቱት ቁራጮች ክዳንና አካላቸው በደንብ የማይገጥሙበት ቦታ ስላለ በተማሪ እጅ አንዱ ጠርዝ ተሸርፏል። ቀለማቸውም ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁር በመሆኑ አስኳሉን ከሕዋሱ ለመለየት እኔ ራሴ በነጭ ኖራ ቀባሁት፤ ቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ በቀይ አፈር ሊቀቡልኝ ይችሉ እንደነበር በኋላ ነግረውኛል። ለመጓጓዣ በጭድ ሞልተው በካርቶን ስላሸጉልኝ ከኩታበር መንገድ እስከ ደሴ በሚኒባስ፣ ከመናኸሪያ እስከ ትምህርት ቤት በባጃጅ ስመጣ አንድም አልተሰበረብኝም።

ለኅዳር አንድ ተጨማሪ ቁራጭ አዝዣለሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በዝርዝር የተጠናው ካቬያስፌራ የተባለው የዌንግአን ቅሪተ አካል ሕዋሶቹ ዝም ብለው የሚከፋፈሉ ሳይሆኑ፣ ቦታ እየለወጡ ወደ አንድ ወገን የሚሰበሰቡ መሆናቸው ታይቷል፤ የእንስሳ ፅንስ ሆድና ቆዳውን መለየት ሲጀምር የሚያደርገውን የሚመስል እንቅስቃሴ ነው። ይህ ፍጥረት እንስሳ ነው ወይስ የእንስሳት የቅርብ ዘመድ ነው የሚለው ገና እልባት አላገኘም። እናቲቱ ፎቶግራፎቹን በቅደም ተከተል ካዩ በኋላ፣ አንዱን ድቡልቡል ብቻ መሥራት እንደማይበቃና ሕዋሶቹ ሲጓዙ እንዲታይ አምስት ደረጃ እንደሚያስፈልገው ራሳቸው ነገሩኝ። ለአምስቱ በ1,000 ብር ተስማምተናል፤ አስኳሎቹ በዚህኛው በቀይ አፈር ይቀባሉ።